እምቢ ማለት የሚችል ባለ እጅ

ጦሩን እያከበረ ጦር ሠሪውን የሚንቅ ማኅበረሰብ ስለ ራሱ ምን እየተናገረ ነው? ጀግናው ሲፎክር ጦሩን ያነሳል፣ ጋሻውን ያነሳል፣ ፈረሱን በስሙ ይጠራል። ያንን ጦር ከፍም ውስጥ አውጥቶ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ ስለት ያወጣለትን ሰው ግን በፉከራው ውስጥ አናገኘውም። ይህ ዝምታ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ኃይሉ ከሌላ ሰው እጅ እንደመጣ ማመን ለኃይለኛ ሰው ይከብደዋል።

ነገሩ በሌላ መልክ ሊሆን ይችል እንደነበር የሚያሳይ አንድ የልብ ወለድ ዓለም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. መታየት የጀመረው የ«ስታር ዋርስ» ተከታታይ ፊልም «ዘ ማንዳሎሪያን»፣ ፊታቸውን በራስ ቁር ሸፍነው የሚኖሩ ተዋጊዎችን ታሪክ ይተርካል። የእነዚህ ሰዎች ሕይወት የሚዞረው በብረት ማቅለጫ ምድጃ ዙሪያ ነው። ከመሬት በታች በተደበቀው መኖሪያቸው ሰማያዊ ነበልባል የሚወጣበት እሳት አለ፤ እሱን የምትጠብቀው ሴት በስም አትታወቅም፤ ትጥቅ ሠሪ ተብላ ትጠራለች። ሕጉን የምታስታውሰው፣ ለተዋጊው መለያ ዓርማ የምትሰጠው፣ ሥርዓት ያፈረሰውን «ከእንግዲህ ከእኛ ወገን አይደለህም» የምትለው እሷ ናት። ዲን ጃሪን የሚባለው ተዋጊ ቤስካር የተባለውን ብርቅ ብረት ሲያመጣላት፣ ብረቱ ላይ ሕዝባቸውን የዘረፈው መንግሥት ማኅተም አለ። እሷ ያንን አቅልጣ የትከሻ ትጥቅ ትሠራለታለች፤ የተረፈውን ደግሞ ማኅበሩ ለሚያሳድጋቸው ወላጅ አልባ ልጆች ታስቀምጣለች።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ መታየት በጀመረው ሌላ የ«ስታር ዋርስ» ተከታታይ ፊልም፣ «ዘ ቡክ ኦፍ ቦባ ፌት» ውስጥ ያለው ትዕይንት ነው። ዲን ጃሪን ከቤስካር የተሠራ ጦር ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለማንኛውም ተዋጊ ኩራት ነው። ትጥቅ ሠሪዋ ግን ይህ ብረት ለመከላከያ እንጂ ለመውጊያ እንዳልሆነ ትነግረዋለች፤ የእነሱን ጥሩር የሚበሳ ጦር በዓለም ላይ መኖሩ ራሱ ለሁሉም አደጋ ነው። ጦሩ ወደ እሳት ይመለሳል። ቀልጦም፣ ዲን ጃሪን በጠየቀው መሠረት፣ ለአንድ ትንሽ ልጅ ከቀለበቶች የተያያዘ ጥሩር ይሆናል።

ተዋጊው እዚያ ምድጃ ፊት ባዶ እጁን ቆሞ ይጠብቃል። ለዚያች ጊዜ ውሳኔው ጉጠቱን በያዘው ሰው እጅ ነው። የእሳት ሥርዓት ትልቁ ትርጉም ለእኔ ይኸው ነው፤ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ መሣሪያው ከመኖሩ በፊት ይነሳል። ሽማግሌም ሆነ ዳኛ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚመዘነው ካሳ ነው። ብረቱ ገና ግሎ ሳለ ግን ጦርም ማረሻም ሊሆን ይችላል። የጥንቱ ግሪክ ባለቅኔ ሆሜርም ይህን የተረዳ ይመስለኛል፤ አንካሳው የብረት ሥራ አምላክ ሄፋይስቶስ ለጀግናው አኪሊስ ጋሻ ሲሠራ፣ ከጦርነቱ ከተማ ጎን ሠርግን፣ እርሻንና የወይን ለቀማን ቀርጾበታል። ለመግደል የሚወጣው ሰው ሰላማዊውን ኑሮ በክንዱ ተሸክሞ እንዲሄድ ያደረገው ሠሪው ነው።

ይህን ሐሳብ የሚፈትን ከባድ ተቃውሞ አለ። ሥርዓት መግደልን ቅዱስ ሊያስመስልም ይችላል፤ በጸሎት የተሠራ ጦር ያለ ጸሎት ከተሠራው ያነሰ አይወጋም። ተቃውሞው እውነት ነው። ስለዚህ መለኪያው እሳቱም፣ ጸሎቱም አይደለም። መለኪያው ሠሪው እምቢ ማለት መቻሉ ነው። «ይህን አልሠራም» የሚል ሰው የሌለበት ሥርዓት ለተዋጊው ኅሊና ማደንዘዣ ብቻ ነው።

በእኛ አገር ባለ እጅ ይህ ሥልጣን አልነበረውም። ሥራውን ቀረብ ብሎ ላየው ግን የሚያስፈልገው ማስተዋል ቀላል አይደለም። ከፍየል ቆዳ የተሰፉት ሁለት ወናፎች በየተራ ይነፋሉ፤ አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ይተነፍሳል፣ እሳቱም ትንፋሽ አያጣም። ብረቱ መጋሉ የሚታወቀው በቀለሙ ነው። ስለቱ ግሎ ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ ይጠነክራል፤ ልኩ ካለፈ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ይህን ሁሉ የሚያውቀውን ሰው ቡዳ አልነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብለን ፈራነው። ጎንደር አካባቢ ብዙ የቤተ እስራኤል ወንዶች በብረት ሥራ፣ ሴቶቹም በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ ገበሬው በሠሩለት ማረሻ እያረሰ፣ በሠሩለት ድስት እየበላ ከዓይናቸው ይሸሽ ነበር። ያለ እነሱ መኖር አለመቻሉን በፍርሃትና በንቀት ሸፈነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የባለ እጅን ዋጋ ያወቁ ንጉሥ ነበሩ። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰፈሩትን አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩላቸው አደረጉ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተቀለጠው እዚያ ነው፤ በተራራና በገደል በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ወንጌል ሊያስተምር የመጣ ሰው መድፍ ሠሪ ሲሆን በልቡ ምን ይላል? ከጋፋት ሰዎች አንዱ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ከዚያ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደ፣ ጦርነትን ከሚቃወሙት ኩዌከሮች ጋር ተቀላቀለ፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልም አቋቋመ። የሕይወቱ መንገድ በጋፋት ላልተነሣ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ይመስለኛል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ታላቅ አዋጅ ነበር። ሆኖም አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል እንጂ ለሠሪው የውሳኔ ቦታ አይሰጠውም። ዛሬ ሙያው በብዙ ቦታ ክብር አግኝቷል፤ ልጁ ኢንጂነር የሆነለት ወላጅ በኩራት ይናገራል። የዘመናችን ባለ እጅ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ድሮን የሚመራ ፕሮግራም ሊጽፍ ይችላል፤ ለማን፣ በምን ላይ እንደሚውል ግን የሚጠይቀው የለም። ራሱም መጠየቅን እንደ ሥራው አይቆጥረውም። እሱ እምቢ ቢል ሌላው ይሠራዋል የሚሉ ይኖራሉ። ይሠራው ይሆናል። ግን ያ ሌላው ሰውም እንዲሁ እያሰበ ስለሆነ ነው መሣሪያው ያለ ጠያቂ የሚወለደው።

ስለዚህ ለባለ እጅ የሚገባው ክብር ከምስጋና በላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መሥራትን የሚያስተምር ትምህርት ቤት መቼ አለመሥራት እንደሚገባም ያስተምር፤ እምቢ ያለውንም ከሥራው የሚያባርር ሳይሆን ለምን እምቢ እንዳለ የሚሰማ ሕግ ይኑረን። በእጁ ጥበብ የምንመካበትን ሰው በፍርዱም ካላመንነው፣ አሁንም የምናከብረው ጦሩን ብቻ ነው።