ጀበናዋን ገዝታችሁ ልጃችሁን የሸፈናችሁ

እናንተ ማዕተብ አስራችሁ፣ ጾም ቆጥራችሁ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» የምትሉ፣ ስሙ!

ቅዳሜ ገበያ አይቻችኋለሁ። ጀበናዋን አንስታችሁ በጣታችሁ ኳ ኳ አደረጋችሁ፤ ድምፁን አዳመጣችሁ፤ ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ስንጥቅ ፈለጋችሁ። ተከራክራችሁ ዋጋ አስቀነሳችሁ። ሴትዮዋ ቀና ስትል ግን ያዘላችሁትን ሕፃን ፊት በነጠላ ሸፈናችሁ። አይታለች። ለምዳዋለችና ዓይኗን ወደ ሸክላዋ መለሰች። ሸክላን እንዲያ የሚመረምር ሰው፣ ስለ ሰው የሰማውን እንዴት ሳያኝክ ይውጣል?

ማረሻችሁ ከማን እጅ ወጣ? ማጭዳችሁስ? በምጣዷ የጋገራችሁትን እየበላችሁ እሷን «በላች» ትላላችሁ! አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ የት ሄደ?

በጎንደር ዙሪያ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ የኖሩትን ቤተ እስራኤላውያንም በዚሁ ስም ስንወጋቸው ኖረናል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እሱን ልተወው። እነሱ ከሄዱ በኋላ ግን የጎንደር ሕፃን መታመም አቆመ? ልጁን ያደከመው ተቅማጥ ነው፤ ጤና ጣቢያ መውሰድ ሲገባችሁ ጭስ ታጨሱበታላችሁ፤ «ማን በላህ?» እያላችሁ ታስለፈልፉታላችሁ።

ለንስሐ አባታችሁ በጾም የቀመሳችሁትን ቅቤ ትናዘዛላችሁ። በዚች ሴት ላይ የለጠፋችሁትን ስም አንድ ቀን ተናዝዛችሁት ታውቃላችሁ?

እኔም ከእናንተው ነኝ። በልጅነቴ ትኩሳት ይዞኝ «ማን በላህ?» ሲሉኝ የጎረቤታችንን ስም ጠራሁ። ጭሱ ሲያፍነኝ አፌ ላይ የመጣው የእሷ ስም ነበር፤ ቤት ውስጥ ደጋግሜ የሰማሁትም እሱኑ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ቡና የሚጠራት አልነበረም። ካደግሁ በኋላም በደጇ የማልፈው አንገቴን ደፍቼ ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተች።

የእናንተዋ ግን አለች። ቅዳሜ እዚያው ከገበያው ዳር፣ ሸክላዋን ደርድራ ትቀመጣለች። ሂዱ። ነጠላውን ከሕፃኑ ፊት ግለጡት፤ ስሟንም ጠይቋት።