«ያዝልኝ» ሲሏችሁ

ልጆቼ፣ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው አውቶቡስ ሉማሜ ላይ ሲቆም ፌስታል ያንጠለጠለ ልጅ ሲሳፈር ሳላይ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። ደጀንን አልፎ ዓባይን ሲሻገር የሚያውቀው ሰው ሁሉ ከኋላው ይቀራል። ከፊቱ የሚጠብቀው የሊስትሮ ሣጥን፣ ሎተሪ ማዞር ወይም የቀን ሥራ ነው። ይህ አያሳፍርም። የዛሬው ምክሬ ከሣጥኑ አጠገብ መጥቶ ስለሚቀመጠው ሰው ነው።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ በስልኩ አንድ የቆየ የጣልያን ፊልም አሳየኝ፤ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1946 እ.ኤ.አ. የሠራው «ሹሻ» ነው። ጁሴፔና ፓስኳሌ በጦርነቱ ማግስት ሮም ላይ የአሜሪካ ወታደሮችን ጫማ የሚጠርጉ ሊስትሮዎች ናቸው። ሳንቲም እየቆጠቡ ፈረስ ለመግዛት ይመኛሉ እንጂ ሌቦች አይደሉም። የጁሴፔ ታላቅ ወንድም ግን ብርድ ልብስ «ሸጣችሁ ኑ» ብሎ ወደ አንዲት ጠንቋይ ቤት ይልካቸዋል። ሲሸጡ ግብረ አበሮቹ ፖሊስ መስለው ገብተው ሴትየዋን ይዘርፋሉ። ልጆቹ በድርሻቸው ፈረሱን ገዙ፤ ሴትየዋ ስታውቃቸው ታሰሩ። እስር ቤት ውስጥ ፓስኳሌ ጓደኛው ሲገረፍ የሰማ መሰለውና እሱን ለማዳን ምስጢሩን አወጣ። የተገረፈው ግን ጆንያ ነበር። ጓደኝነታቸው እዚያ ተሰበረ፤ ፍጻሜውም ሞት ሆነ።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ2019 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለኦስካር ውድድር ያቀረበችው «ራኒንግ አጌይንስት ዘ ዊንድ» የሁለት የገጠር ልጆች ፊልም ነው። አብዲ ሯጭ ይሆናል፤ ፎቶ አንሺ ልሁን ብሎ አዲስ አበባ የገባው ሰለሞን ጎዳና ላይ ይወድቃል። ሕልሙ ጥፋት አልነበረበትም።

ወንጀል ስሙን ነግሮ አይመጣም። «ይችን ስልክ ያዝልኝ»፣ «ይህን ቦርሳ አድርስልኝ»፣ «ሰው ሲመጣ አፏጭልኝ» እያለ የወንድም ፊት ለብሶ ይመጣል። የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያሳደራችሁ፣ ሽሮ ያበላችሁ ሰው ሊሆን ይችላል። እምቢ ማለት የሚከብደው ለዚህ ነው፤ እኛ ይሉኝታ ያጠቃናል። ውለታ ግን በላብ ይከፈላል እንጂ በሰው ንብረት አይከፈልም።

ሕጉንም እወቁት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ላለው ልዩ አያያዝ አለው። 15 ያለፈውን ግን ዕድሜው ቅጣቱን ያቀልለት ይሆናል እንጂ ከክስ አያድነውም። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የያዘና የሸጠም ተጠያቂ ነው። ዘረፋ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ሊሰቀል የተወሰደ ሌባ እናቱን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት ይባላል። ዓባይን ለተሻገረ ልጅ ግን እንቁላሉን አይታ የምትቆጣው እናት አጠገቡ የለችም። ስለዚህ ዕቃ የሚሰጣችሁን ሰው «የማን ነው?» በሉት። የራሱን ዕቃ የያዘ ሰው በዚህ አይቆጣም። ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ፤ ሣጥናችሁን አንሱና ቦታ ቀይሩ።

ካልሆነላችሁም ተመለሱ። ለፋሲካ አዲስ ልብስ ሳትለብሱ ብትመጡ የሚስቅ አይጠፋም፤ ሳቁ ግን ከዳግም ትንሣኤ አያልፍም።