ከፓኑላ ክፍል የሚቀዳ ትምህርት

ፊንላንድ ሕዝቧ 6 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም የዓለም ታላላቅ ኦርኬስትራዎችን የሚመሩ ሙያተኞች ሲወጡባት ኖረዋል። ኤሳ ፔካ ሳሎነን፣ ኦስሞ ቫንስካ፣ ሳካሪ ኦራሞ፣ ሱዛና ማልኪ ሁሉም በኦርኬስትራ አመራር መምህሩ በዮርማ ፓኑላ እጅ አልፈዋል። ፓኑላ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በሄልሲንኪው ሲቤሊየስ አካዳሚ አስተምረዋል።

ክፍላቸው ኦርኬስትራ ነበረው። ተማሪው ሰው ፊት ቆሞ ይመራ፣ ካሜራ ይቀርጸው፣ በኋላም ቅጂውን ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። መምህሩ ወሬ አያበዙም ነበር። የመሪ ሥራ ተጫዋቹን መርዳት እንጂ ማወክ እንዳልሆነ አጥብቀው ያምኑ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ተማሪዎቹ ከየት እንደመጡ ነው። ሳሎነን ሆርን፣ ቫንስካ ክላርኔት፣ ማልኪ ቼሎ ተጫዋቾች ነበሩ። ኦራሞ የፊንላንድ ሬዲዮ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቀዳሚ ቫዮሊን ተጫዋች ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የታመመ መሪ ተክቶ በድንገት ያንኑ ኦርኬስትራ መራ። ግራ የሚያጋባ የመሪ እጅ ተጫዋቹን ምን እንደሚያደርገው አራቱም ወንበር ላይ ሆነው ቀምሰውታል።

ዛሬ ለጥቂት ቀናት የኦርኬስትራ አመራር ዎርክሾፕ የሚገባ ወጣት መድረክ ላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። ብዙዎች ተራቸው እስኪደርስ ስልክ ይነካካሉ፤ እንዴት ያለ ብክነት ነው! መሣሪያ የሚጫወት ከኦርኬስትራው መሀል ለመቀመጥ ይጠይቅ፤ የማይጫወት ቤቱ አጥንቶ የመጣውን ኖታ ይዞ ከሁለተኛ ቫዮሊኖች ጀርባ ይቀመጥ። የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ የሚጀምረው በአንዲት አጭር ዝምታ ነው፤ የመሪው ምት የሚያርፈው ድምፅ የሌለበት ላይ ነው። መሪው ከዚያ በፊት አንዲት ትርፍ እንቅስቃሴ ከጨመረ ግማሹ ቫዮሊን ይቀድማል፣ ግማሹ ይዘገያል። ከጀርባ ለተቀመጠ ሰው የስህተቱ ምንጭ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል።

እየመሩ የተቀረጹትን ቪዲዮ በመጀመሪያ ድምፁን አጥፍቶ ማየት ይበጃል። ግራ እጅ ቀኙን ብቻ እየደገመ እንደሆነ፣ ዓይንም ከኖታው አልነሳ ብሎ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። ደግሞ የሻይ ሰዓት አለ። ሆርን ነፊውን ጠጋ ብሎ «ከመግባትህ በፊት መተንፈሻ ሰጥቼህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ መልሱ ባይጥምም ኖታው ዳር ላይ በእርሳስ ጽፎ ለሚቀጥለው ተራ መያዝ።