የጋራችንን ማን ይሰርዛል?

ለመሆኑ አምስት ሰው የሠራው ገጽ የማን ነው? ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ እኛን ግን ሰሞኑን አኳርፎናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለም ጤና ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አምስት ጓደኛሞች አንዲት ወፍራም ደብተር ነበረችን። አንዱ የቆቃን ሐይቅ በእርሳስ ይሥልባታል፤ ሌላዋ ከጎኑ ግጥም ትጽፋለች፤ ሦስተኛው የከረሜላ ወረቀት ይለጥፍባታል። ደብተሯ በየሳምንቱ ተራ በተራ እየዞረች ሞላች። ዩኒቨርሲቲ ሲበታትነን ገጾቿን በስልክ አንሥተን ግሩፕ ከፈትን። አሁን እዚያው እንሥላለን፤ ድምፅና ተንቀሳቃሽ ምስል እንጨምራለን፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀጥለዋል።

ታዲያ አንድ ቀን አድሚናችን የአንዱን ሥዕል «ሥራችንን ያበላሻል» ብሎ አጠፋው። ሥዕሉ እውነትም ደካማ ነበር። ግን ባለቤቱ ቅጂ አልነበረውም፤ ከኛም ግማሾቹ ከነመኖሩ አላየነውም። ከደብተር ላይ ቢሆን የተቀደደው ጠርዝ ይመሰክር ነበር። እዚህ ግን ምን ይመስክር?

አገራችን በጋራ መጽሐፍ እንግዳ አይደለችም። ብራናውን እንይ። ጸሐፊው በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ ሠዓሊው የተተወለትን ቦታ ይሞላል፤ ከዘመን በኋላ የመጣ ሰው ደግሞ በኅዳጉ የርስት ውል ወይም የስጦታ ማስታወሻ ያክልበታል። መጽሐፉ እጅ ሲቀይር የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ፋቂው አይደበቅም፤ ብራናው ሻክሮ፣ የቀለሙ ጥላ ቀርቶ ያሳብቅበታል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ብራናዎቻችን በማይክሮፊልም ሲነሡም ኅዳጉና ፍቁ አብሮ ተነሥቷል። እንግዲህ ወደ አዲስ መሣሪያ መሻገር በራሱ ጥፋት አይደለም ማለት ነው።

ይህን ስል ወረቀትን ላመልክ አይደለም። አሜሪካን አገር እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ አንድ ሥራ ነበር፤ ከብዙ አገር ሰዎች በደብተር እየሣሉ ይልኩለታል፣ እሱ ያሰባስባል። በ2022 ደብተሮቹን የጫነ ተሽከርካሪ ተቃጥሎ 7,000 ያህሉ ወደሙ። ወረቀት አመድ ሊሆን ይችላል፤ ቅጂ ያለው ግን ቢያንስ መልኩ ይተርፋል።

ደግሞ ስልኩ ወረቀት የነፈገንን ነገር ሰጥቶናል። ያቺ ግጥም ጸሐፊ «ያኔ የጻፍኩትን ዛሬ አላምንበትም፤ አውጡልኝ» አለችን። በደብተሯ ላይ ከግጥሟ ጀርባ የሌላ ሰው ሥዕል አለ፤ የሷን ስንቀድ የሱንም እንቀድ ነበር። በስልኩ ግን የማንንም ሳትነካ የራሷን አነሣች። ይሄ እኮ ትልቅ ነፃነት ነው!

ልዩነቱ ታዲያ የቱ ላይ ነው? እሷ ያነሣችው የራሷን ቃል ነው፤ አድሚኑ ያነሣው የሌላውን እጅ ነው። ቁልፍ መያዝ ባለቤት አያደርግም። ድሮ ወረቀቱ ራሱ ይከለክለን የነበረውን፣ ዛሬ ኅሊናችን ካልከለከለን የሚከለክለን የለም። በበኩሌ ሁለት ነገር ይበቃናል እላለሁ፦ ሰው የራሱን ያንሣ፣ የሌላውን አይንካ፤ የተነሣውም ቦታ በሌላ አይሞላ፣ ክፍት ይቀመጥ።

አድሚናችን ይህን ሲያነብ ያኮርፍ ይሆናል። ያኩርፍ። ግን እዚያ ቦታ ላይ ሥዕል እንደ ነበረና ማን እንዳነሣው በገዛ እጁ ይጻፍልን።