ግመሏ ስንት ጊዜ ወለደች?

ሽንሌ ውስጥ፣ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ከደረሰው አሮጌው የባቡር ሐዲድ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የግመል ደላላ ነበር። የእህቱ ልጅ በእንስሳት ጤና ተመርቆ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፎ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጧል። ልጁ አጎቱን «አብቲ» ይለዋል፤ አጎቱም መልሶ «አብቲ» ይለዋል። የሶማሌ ወግ ነው።

አንድ ማታ ልጁ ክላሴሩን ታቅፎ መጣ። ሲቪውን ሃያ ቦታ አስገብቶ ከአንዱም አልተደወለለትም።

«እስቲ አንብብልኝ፣ አብቲ።»

ከእንግሊዝኛው እየተረጎመ አነበበለት። የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ጤንነት በጣም ጥሩ። ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የሚችል። በትርፍ ጊዜው መጽሐፍ ማንበብና እግር ኳስ ማየት የሚወድ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለው አንድ ሲቪ ነው፤ ስም እየተቀየረ ተመራቂው ሁሉ ይካፈለዋል። (እንደ ሲቪያችን ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ ነጋዴዎቻችን በከበሩ ነበር።)

ደላላው ሻዩን ፉት አለና፣ «ግመሏ ስንት ጊዜ ወለደች?» አለ።

«የትኛዋ ግመል?»

«ይህቺ ያነበብክልኝ።»

በማግስቱ ገበያ ይዞት ወረደ። መጀመሪያ የመጣው ገዢ ወተት ፈላጊ ነበር። ደላላው «ጥሩ ግመል ናት» የሚል ቃል አልወጣውም። «ሦስት ወልዳለች፤ የመጨረሻው ልጇ ያውልህ። ቀርበህ እለባት» አለው። በዋጋ ሳይስማሙ ቀሩ። ቀጥሎ የመጣው ለማርባት ነው የሚፈልጋት። ለዚህኛው ወተቱን ጠቀስ አድርጎ አለፈና ስለ ድርቁ አወራው፤ ዝናብ የከዳ ዓመት መንጋው ሲያልቅ እሷ እርጉዝ ሆና መትረፏን። ዘሯን ሰውየው ራሱ ሲጠይቅ ነገረው። ደላላው ለሁለቱም አልዋሸም፤ ያስቀደመው ነገር ግን ለየቅል ነበር።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የኋላ እግሯን ዳበሰና፣ «ይሄ የጅብ ንክሻ ነው። ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ግን ታነክሳለች» አለ። ልጁ ደነገጠ። ደላላውና ገዢው ግን በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ጣት በጣት ተነጋገሩ፤ ግመሏ ተሸጠች።

«ያንተ ወረቀት ጅቡንም ደብቋል፣ ወተቱንም ደብቋል» አለው ሲመለሱ።

«ምን ወተት አለኝ? ልምዴ ዜሮ ዓመት ነው።»

«ልምምድ ላይ ሳለህ በየጧቱ ከድሬዳዋ በረዶ የሚያመጣው ማን ነበር?»

ልጁ ሳቀ። የክትባቱ ፍሪጅ ተበላሽቶ ሦስት ወር በመጀመሪያው ሚኒባስ በረዶ በጆንያ ጠቅልሎ እያመጣ፣ የፍየሎቹን የደስታ መሰል በሽታ ክትባት ከሙቀት ያተረፈው እሱ ነው። «ደሞዝ እኮ አልነበረውም» አለ።

«ፍየሎቹ ደሞዝህን ጠየቁህ? ስንት ከተብክ?»

«መዝገቡ ላይ አለ። ከሺህ ይበልጣሉ።»

«ማን አየህ?»

የኢሳ ሶማሌዎች ሕግ፣ ሄር ኢሴ፣ በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ኖሮ በ2017 ዓ.ም ዩኔስኮ የመዘገበው ነው። በቃል በሚዳኝ አገር ያደገ ሽማግሌ ምስክር መጠየቁ አይገርምም። ልጁ የሱፐርቫይዘሩን ስም ጠራ። ምስክር ሊያደርገውም ደውሎ አስፈቀደ፤ ብዙዎቻችን የምንረሳው ይህን ነው።

ያን ሌሊት ሲቪው ከአራት ገጽ ወደ አንድ ወረደ። ጋብቻና እግር ኳስ ወጡ። ሊያመለክትበት ያሰበው የሥራ ማስታወቂያ የፈለገው ክትባት የሚያከፋፍል ሰው ስለነበር በረዶው አናት ላይ ወጣ፤ ከሥሩም የፍየሎቹ ቁጥር ከመዝገቡ ተገልብጦ ገባ። ታች ደግሞ፦ «ሁለት ዓመት ቅጥር አላገኘሁም፤ የአጎቴን መንጋ አክሜያለሁ።» ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዞ ሦስት ጊዜ መለሳት።

ድሬዳዋ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ጠያቂዋ ወረቀቱን አየት አድርጋ ቀና አለች።

«በረዶው መንገድ ላይ አይቀልጥም ነበር?»

«ይቀልጣል» አላትና፣ ስለ ጆንያው ሊነግራት ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገ።