እሁድ ማታ ሄደህ አይተኸዋል?

ልጁ ከቦርሳው ያወጣውን አንጸባራቂ የነርሲንግ ሆም ብሮሸር እትዬ ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱለት። ፒያኖ ያለበት ሳሎን፣ ትኩስ አበባ፣ የሚስቁ ሽማግሌዎች። «እሁድ ማታ ሄደህ አይተኸዋል?» አሉት። አላየውም። እሱ የጎበኘው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ ያስጎበኘችውም ደንበኛ የማምጣት ሥራ ያላት ሴት ናት።

እትዬ በሜሪላንድ ነርሲንግ ሆሞች ከ20 ዓመት በላይ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ስማቸው እንዲወጣ አይፈልጉም፤ የሠሩባቸውን ቤቶች ስምም አይጠሩም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲቀርብ ግን ወጣቶች ወንበር እየሳቡ ይከቧቸዋል። ጠያቂው ከዓመት ዓመት በዝቷል። ቀድሞ በስደት ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የመጣው ትውልድ አርጅቷል፤ ልጆቹ ደግሞ ጠዋት አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ ላይ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ሐፍረቱን ነው። አገር ቤት የአረጋውያን ማዕከል ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው እንደ መቄዶኒያ ያለ፣ ጧሪ ያጣውን ከጎዳና የሚያነሳ በጎ አድራጎት ነው። ስለዚህ እናቱን ነርሲንግ ሆም ያስገባ ልጅ «እናቱን ጣለ» ይባላል። እትዬ ይህን ሐሜት የሚጠሉት ልጆቹን ስለሚያሳዝን ብቻ አይደለም። የሚያፍር ሰው አይጠይቅም። ነገሩን ሸፍኖ ይቆይና እናት በስትሮክ ሆስፒታል ትገባለች፤ ሆስፒታሉ «ነገ ትወጣለች» ብሎ የቤቶች ዝርዝር ያስይዘዋል፤ ልጁም ለመሥሪያ ቤቱ የሚቀርበውን ይመርጣል። መኪና ለመግዛት ሦስት ወር ያጠና ሰው፣ እናቱ የምትተኛበትን ቤት በአንድ ከሰዓት ይወስናል።

«ግን እኮ አምስት ኮከብ አለው» አለ ልጁ። እትዬ ሳቁ፤ ኮከብ ቆጠራ የደብተራ ሥራ ነው አሉ። ይሳቁ እንጂ አይንቁትም። የአሜሪካ መንግሥት ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች ለሚቀበሉ ነርሲንግ ሆሞች ከ2008 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል፤ ውጤቱም ኬር ኮምፔር በተባለው የሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። አጠቃላዩ ኮከብ ከሦስት ነገሮች ይቀመራል፦ ሳያሳውቁ ከሚመጡ መርማሪዎች ሪፖርት፣ ከሠራተኛ ብዛት፣ ከነዋሪዎቹ የጤና መለኪያዎች። ሦስተኛው በአብዛኛው ቤቱ ራሱ ስለ ራሱ ከሚያቀርበው መረጃ የሚወጣ ነው። ስለዚህ እትዬ አጠቃላዩን ቁጥር አልፈው በቀጥታ ወደ ምርመራው ይገባሉ። የቅርቡን የምርመራ ሪፖርት ቤቱ ነዋሪና ጎብኚ በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ብዙ ጊዜ መግቢያው አካባቢ በማኅደር ታስሮ ተቀምጧል፤ የሚከፍተው ሰው ግን የለም። ድረ ገጹ ላይ ከቤቱ ስም አጠገብ መዳፍ ያለበት ቀይ ምልክት ከታየ ደግሞ ቤቱ ነዋሪን በመበደል በመርማሪዎች ተጠቅሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሌላ ቤት መፈለግ ነው፤ እትዬ እዚህ ላይ ክርክር አይወዱም።

ኮከብ የማያሳየውን ነገር አሜሪካ በ2020 አይታለች። ከሲያትል አጠገብ በምትገኘው ከርክላንድ ኮቪድ ቀድሞ የታየበት ነርሲንግ ሆም አምስት ኮከብ ነበረው። ከ30 በላይ ነዋሪዎች ሞቱ። ቫይረሱ በዚያ አካባቢ ቤቶች እንዴት እንደተዛመተ ያጠኑት የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ባለሙያዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች ሁለቱ፣ ሠራተኞች እያመማቸው መሥራታቸውና ከአንድ በላይ ቤት መሥራታቸው ነበር። እትዬን ይህ አልገረማቸውም። እሳቸውም ቀን አንድ ቤት፣ ሌሊት ሌላ ቤት የሠሩበት ዘመን አለ። «አንድ ሌሊት ብቻዬን ለሃያ ሰው ነበርኩ» ይላሉ፤ «አንዷን እያጠብኩ ከሦስት ክፍል ደወል ይጮሃል። ክፉ ሆኜ አይደለም። እጄ ሁለት ነው።»

ቤት ሲመዘን እንግዲህ መጀመሪያ የሚቆጠረው እጅ ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ነርሲንግ ሆም በየሺፍቱ መጀመሪያ ስንት ነርስ፣ ስንት ሲኤንኤ፣ ስንት ነዋሪ እንዳለ ጽፎ ሰው በሚያየው ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። ድረ ገጹም የቅዳሜና እሁድን የሠራተኛ መጠንና በዓመት ውስጥ ስንት ሠራተኛ እንደለቀቀ ለብቻ ያሳያል። በ2024 የፌዴራል መንግሥት ለአንድ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት እንክብካቤ እንዲደረግ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በ2025 በቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። ደንቡ ቢሻርም ቁጥሩ ለጠያቂ ይጠቅማል፤ ከዚያ በታች የሆነ ቤት ለምን እንደሆነ ይጠየቅ። ሠራተኛው በየወሩ የሚለዋወጥበት ቤትም እናት ስኳር እንዳለባት የሚያስታውስ ሰው የለውም።

እሁድ ማታ የተመረጠው ለዚህ ነው። አስተዳዳሪው የለም፣ ፒያኖውም ዝም ብሏል። እትዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ደወል የበራበትን ክፍል አይቶ ሰዓት መያዝን ይመክራሉ። ስንት ደቂቃ? ከዚያ አልጋው አጠገብ ያለው የውሃ ብርጭቆ፦ ሞልቶም እጅ ካልደረሰበት ለማሳየት የተቀመጠ ነው። የተኙት ሰዎች ጥፍር። የእራቱ ሰሃን ሲመለስ ስንቱ እንዳልተነካ። የሽንት ሽታ አንድ ቦታ ቢሸት ሰው ነውና ያጋጥማል፤ ኮሪደሩ ሁሉ ከሸተተ ግን ሰው ሳይቀየርለት ውሏል። ሽቶ በብዛት የተነፋበት ቤት ደግሞ እሳቸውን ይበልጥ ያሳስባቸዋል።

ለሐበሻ እናት የተለየ ጥያቄ አለ፤ እትዬ ብዙ የሚቆዩበትም እዚህ ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ የቀረበላትን ዶሮ ሳትነካ የምትመልስ ሴት መዝገቧ ላይ «አልበላም አለች» ተብሎ ይጻፋል። ዐቢይ ጾም ደግሞ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም፤ ክብደቷ ይወርዳል፣ ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። አየር ወደ ውስጥ ስባ «አዎ» ስትል ነርሷ ትንፋሽ ያጠራት ይመስላታል። «ያምሻል?» ስትባል «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ይሉኝታዋን የሚተረጉም መሣሪያ አልተሠራም። የመርሳት ሕመም ከገባ ደግሞ በኋላ የተማረችው እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ የእንክብካቤ ዕቅድ የሚወጣበት ስብሰባ ነው። ቤቱ እናት በገባች በ48 ሰዓት ውስጥ መነሻ ዕቅድ ማዘጋጀት አለበት፤ ዋናው ዕቅድ ሲወጣ ነዋሪዋና ቤተሰቧ የመሳተፍ መብት አላቸው። ጾሙ፣ የአማርኛ አስተርጓሚው፣ «ደኅና ነኝ» ማለቷ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉ እዚያ ይጻፍ።

የመግቢያ ወረቀቱን ነገር አጠር ያደርጉታል፤ ዋናው ቶሎ አለመፈረም ነው። ሜዲኬር ከሆስፒታል በኋላ የሚከፍለው ቢበዛ ለ100 ቀን ነው፤ ሙሉውን የሚችለውም የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት። ከመቶው ቀን ወዲያ በአብዛኛው ወይ ሜዲኬይድ ነው ወይ ኪስ። ቤቱ ልጅን «እኔ በግሌ እከፍላለሁ» ብሎ ካልፈረመ አላስገባም ማለት አይችልም። አለመግባባት ሲነሣ ወደ ፍርድ ቤት አልሄድም የሚለው የግልግል ስምምነትም የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይገባም። ልጁ እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ከክምሩ ውስጥ መዝዞ ያገኛቸው ዘንድ እትዬ መነጽር ይዞ እንዲሄድ ቀልደውበታል።

መብራት ሲጠፋስ? በ2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ፣ ሆሊውድ ከተማ ውስጥ በነበረ አንድ ነርሲንግ ሆም የአየር ማቀዝቀዣው ቆሞ ከሙቀቱ የተነሣ 12 ሰዎች ሞቱ። ሆስፒታል አጠገቡ ነበር። ጄኔሬተር አለ መባሉ አይበቃም፤ የቱን እንደሚያበራ መጠየቅ አለበት።

አንዲት ልጅ ከጎን ጣልቃ ገባች። የሐበሾች ቤት አለ፣ አምስት ስድስት ሰው የሚኖርበት፣ እንጀራም ቡናም ያለበት፤ እሱስ? እትዬ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ይወዳሉ። ግን እንዲህ ያለው ቤት አሲስትድ ሊቪንግ ነው፤ የፌዴራሉ ኮከብ አይደርሰውም፤ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚመረምረውም ስቴቱ ነው። እንጀራው ፈቃድ አይሆንም አሉ። ሌሊት ነቅቶ የሚያድረው ማን ነው፣ መድኃኒት የሚሰጠው ማን ሠልጥኖ ነው፣ ነርሷስ በስንት ጊዜ ትመጣለች? ባለቤቷ የአገር ልጅ ስለሆነች ይህን መጠየቅ የሚያሳፍረው ሰው፣ እናቱን በይሉኝታ እያስረከበ ነው።

በየስቴቱ የነዋሪዎችን አቤቱታ በነፃ የሚሰማ ኦምቡድስማን አለ፤ አገር ቤት እንባ ጠባቂ የሚባለው ዓይነት። አድራሻው ቤቱ ውስጥ መለጠፍ አለበት። ካልተለጠፈ፣ ያ ራሱ መልስ ነው።

ልጁ በሚቀጥለው እሁድ ማታ ሄደ። የሠራተኛ ዝርዝሩ የተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ የነበረው የሐሙስ ወረቀት ነው። አንዲት ሲኤንኤ «ሐበሻ ነህ?» አለችው፤ ከጠዋት ጀምሮ ደብል እየሠራች ነበር፤ ስለ ቤቱ ሲጠይቃት ዙሪያዋን አየችና «ሌላም እይ» ብላ ሄደች። ልጁ ሌላ አየ። ሃያ ደቂቃ የሚርቅ፣ ፒያኖ የሌለው፣ አራት ኮከብ ያለው። ደወሉ ሲበራ በአራት ደቂቃ ሰው መጣ።

እትዬ ስለ አራቱ ኮከብ ምንም አላሉም። የክፍሉን ቁጥር ጠየቁት፤ በናፕኪን ላይ ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «አንተ ቅዳሜ ትሄዳለህ» አሉ፤ «ረቡዕ እኔ በምሳ ሰዓት ብቅ እላለሁ። ሽሮ ይዤ።»