ዘጠኝ ግደፊ፣ አስራ አንድም ድገሚ

ልጄ፣ የሱቁን ሂሳብ አንቺ ትይዣለሽ አሉኝ፤ እሰይ! ካልኩሌተር አለሽ፣ ስልክሽም ያሰላል። ማሽን ግን የሰጡትን ይደምራል እንጂ የተሰጠው ልክ ይሁን አይሁን አይጠይቅም። መርካቶ ላይ ሂሳብ የሚበላሸው ሲገለበጥ ነው፤ ከደረሰኝ ወደ ዱቤ መዝገብ። የክፍለ አገሩ ደንበኛ «መኪናው ሊነሳብኝ ነው» እያለ፣ ኩሊው ጣቃውን ተሸክሞ «ዞር በሉ!» እያለ እጅ ይቀድማል።

287 ጣቃ፣ አንዱ በ1,365 ብር ተሸጠ እንበል። 391,755 ብር ነው። ለማጣራት ዘጠኝ ዘጠኙን ግደፊ፦ 1፣ 3፣ 6 እና 5 ሲደመሩ 15፤ ዘጠኙ ወጥቶ 6። 287 ደግሞ 17፤ 8 ይተርፋል። 6 ጊዜ 8፣ 48፤ ዘጠኝ ዘጠኙ ወጥቶ 3። የመልሱ አኃዞች ድምር 30፤ እሱም 3። ገጠመ። 10፣ 100፣ 1,000 ሁሉም ለ9 ሲካፈሉ አንድ ይተርፋቸዋልና፣ አኃዙ የትም ቤት ቢቀመጥ ትራፊው ያው ነው።

ጉዱ እዚሁ ላይ ነው። አኃዞቹ ቦታ ቢለዋወጡም ዘጠኝ ነገሬ አይለውም። 319,755 ብለሽ ብትጽፊ ድምሩ አሁንም 30 ነው፤ 72,000 ብር ግን ጎድሏል! ለዚህ አስራ አንድ አለልሽ። ከቀኝ ጀምረሽ አንዱን ደምሪ፣ ቀጣዩን ቀንሺ፦ 5 ሲቀነስ 5፣ ሲደመር 7፣ ሲቀነስ 1፣ ሲደመር 9፣ ሲቀነስ 3፤ 12 ይሆናል፣ አስራ አንዱ ወጥቶ 1። 1,365ም 287ም እንዲሁ ሲሠሩ 1፣ 1 ይወጣቸዋል፤ አንድ ጊዜ አንድ፣ አንድ። የተዛባው ግን ከዜሮ በታች 4 ይወርዳል። ተያዘ።

የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቁጥር የሆነው የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም በትራፊ ነው የሚሠሩት። ለምሳሌ ዓመተ ምሕረት 2018ን 5,500 ላይ ደምረው 7,518 ይላሉ፤ ለ4 ሲገድፉት 2 ይተርፋል፣ ዘመነ ማርቆስ። ለ19 ሲገድፉት 13፤ አንድ ለዘመን ተትቶ ወንበር የሚሉት 12። እነሱ ለበዓልና ለጾም፣ እኛ ለጣቃ።

ማታ ሁለት መዝገብ አልገጥም ሲልሽ ከመጀመሪያው ገጽ አትነሺ። ልዩነቱን ለ9 አካፍዪ። 72,000 ከሆነ 8,000 ይመጣል፤ ስለዚህ በሺህና በአስር ሺህ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው በ8 የሚበላለጡ አኃዞችን ፈልጊ፣ እንደ 9 እና 1 ያሉ። ዜሮ ተረስቶ 45,000ው 4,500 ከተባለ ልዩነቱ 40,500 ነው፤ ለ9 ስታካፍዪው የተሳሳተውን ቁጥር ራሱን ያወጣልሻል። ለ9 አልካፈል ካለ ግማሹን ያዢና እሱን የሚያህል ሂሳብ ፈልጊ፤ ገቢው ወጪ ላይ ተጽፎ ይሆናል። አንድ ቤት ዘለው የተለዋወጡ፣ 391ን 193 የሚያደርጉ ግን ከዘጠኝም ከአስራ አንድም ፈተና ያመልጣሉ፤ እነሱን የሚያጋልጣቸው ልዩነታቸው ለ99 መካፈሉ ነው። በዚህም ካልተገኘ መጋዘን ገብተሽ ጣቃውን ቁጠሪ።